ያልነበረው ሦስተኛ ሳጥን

ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ብርድ ሲመጣ የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመም ዘንድሮ ምሕረት አደረገልሽ ወይስ አሁንም ደረጃው መሃል ላይ ያስቆምሻል? ባለቤትሽ እንደምን አለ? ፈረቃውን ቀየሩለት ወይ? ትልቋ ልጅሽ ፈተናው እንዴት ሆነላት? ትንሿስ ያንን የጥርስ ሽቦ አስወለቀች ወይስ አሁንም አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትስቀው? እኛ ሁላችን ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከበደ እንጂ አፋቸው እንደ ድሮው ነው። ባለቤቴም ደህና ናት። እኔም ከደም ግፊቴና ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ሐኪሙ ሁለቱ አንድ ናቸው ቢለኝም ማስረጃውን አላሳየኝም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬው ሦስት ጊዜም ‹‹ሌላ ወሬ የለህም ወይ ጋሼ?›› ብለሽ ዘግተሽብኛል። ስለዚያ ሬዲዮ ነው። እባክሽ ወረቀቱን አጥፈሽ አታስቀምጪው። ዋናውን ነገር አስቀድሜ በአንድ መስመር ልጻፈውና እንዴት እንደደረስኩበት ከዚያ በተራ በተራ አስረዳሻለሁ። ዕቃውን አንቺ አልሰበርሽውም። ማንም አልሰበረውም። ይህን ስጽፍልሽ ከፊት ለፊቴ ተከፍቶ እያወራ ነው።

አባባ ወደ እኔ ቤት ከገቡ ሁለት ወር ሊሆናቸው ነው። የድሮው ቤት ደረጃ አልገፋ ብሏቸው ነው የመጡት። ይዘው የመጡትም አልጋቸውን፣ የልብስ ሳጥናቸውን፣ የእናታችንን ፎቶግራፍና ያንን ዕቃ ብቻ ነው። ዕቃው እናታችን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከመጋረጃ ትራፊ የሰፋችለትን ልብስ እንደለበሰ ገባ። ከምግብ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ከመስኮቱ ሥር ካልሆነ ሌላ ቦታ አልተገኘለትም። ባለቤቴ ሁለት ሳምንት ታገሰች። በሦስተኛው ሳምንት መወልወያዋን እንደያዘች መጥታ ‹‹ይሄ ነገር ወይ ይናገር ወይ ይውጣ›› አለችኝ። አባባ ሰምተዋል፤ ግን ምንም አላሉም። ዝምታቸው ገረመኝ። የእሳቸውን ዕቃ በክፉ ያነሳ ሰው መቼ ሳይሰደብ አልፎ ያውቃል?

የእኔን ሥራ ታውቂዋለሽ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነጋዴ ሚዛን ስመረምር ኖሬአለሁ። ሥጋ ሻጩም፣ ወርቅ ሠሪውም፣ ነዳጅ ቀጂውም መለኪያው ትክክል ስለመሆኑ ይምላል። እኔ መሐላ አልሰማም፤ ከፍቼ አያለሁ። ታዲያ በገዛ አባቴ ቤት አርባ ሁለት ዓመት ‹‹ተሰብሯል›› ሲባል የኖረውን ዕቃ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁም። ፊዚክስ ተምሬ፣ ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ በወሬ አምኜ ኖርኩ። በራሴ የተናደድኩትን ያህል በማንም አጭበርባሪ ነጋዴ ተናድጄ አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብሱን ገፈፍኩት። አንዱ በሌላው ላይ የተቀመጡ ሁለት ጠፍጣፋ ሳጥኖች ናቸው፤ ግራና ቀኛቸው ሁለት ስፒከሮች ቆመዋል። የላይኛው ቱነር ነው፣ ጣቢያ የሚፈልገው። ከረጅም መስታወቱ ኋላ ቀይ መርፌ አለው፤ በጎኑ ደግሞ ጥፍር በምታክል መስኮት ውስጥ ሌላ ትንሽ መርፌ አለች። የታችኛው ማዞሪያና አዝራር የበዛበት ነው። ክዳናቸውን ፈትቼ በቀለም ብሩሽ አቧራቸውን ጠረግሁ። ፊውዙን አውጥቼ ወደ ብርሃን አየሁት፤ ደህና ነው። መጀመሪያ የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። የተቃጠለ ሽቦ የለም፣ የጠቆረ ቦታ የለም፣ የተሰነጠቀ ነገር የለም። ሶኬቱን ሰካሁ። መስታወቱ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ሁለት ክንድ የሚሆን ሽቦ አንቴና ይሁን ብዬ በመስኮቱ ጠርዝ ዘረጋሁና ማዞሪያውን ቀስ እያልኩ ነዳሁት። ያቺ ትንሽ መርፌ አንድ ቦታ ላይ ብድግ አለች። አለፍ ስል ወደቀች፤ ስመለስ ደግሞ ተነሳች። ጣቢያውን አግኝታዋለች ማለት ነው። እሱ ይሰማል፣ እኛን ግን አያሰማንም። እንግዲህ ምኑ ነው የተሰበረው? ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሳጥኖቹን አዞርኳቸው። በታችኛው ጀርባ ሁለት ረድፍ ክብ ቀዳዳ አለ። በመጨረሻዎቹ ቀዳዳዎች ውስጥ የስፒከሮቹ ሽቦ ጫፉ ተልጦ ተጠቅጥቋል፤ እንዳይወጣም በጥቁር ፕላስተር ተጠምጥሟል። የአባባ እጅ ሥራ መሆኑ አልጠፋኝም፤ እሳቸው የጠመጠሙትን ለመፍታት ድሮም ምላጭ ያስፈልግ ነበር። ይሄኛው ግን ስነካው እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረካከሰ። የስፒከር ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ብሎን ወይም መቆንጠጫ ይኖረዋል። ይህ ሳጥን እንዲህ ያለ ቦታ ጨርሶ የለውም። ለስፒከር ቦታ ያልተሠራለት ሬዲዮ ምን ዓይነት ሬዲዮ ነው? ደብተሬን አምጥቼ የጀርባውን ሥዕል ሳልኩ፤ ለእያንዳንዱ ቀዳዳም ቁጥር ሰጠሁት። ሽቦዎቹን እንደነበሩ መልሼ ጠቅጥቄ ሞከርኩ። ትንፍሽ አላለም።

ያ ቀን የመጣብኝ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ ነው። አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፣ እኔ አሥራ አራት። አባባ ዕቃውን ያገኙት ሥራ ለቆ አገር ከሚቀይር አንድ መሐንዲስ ነው፤ ገዙት ከምንል በብስክሌታቸው ለወጡት ብንል ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን እራት ሳይቀርብ ሽቦውን ጠቅጥቀው ሲያበቁ ከፈቱት። ድምፅ ነበረው ወይስ አልነበረውም? ይህን በትክክል ልንገርሽ። እኔ ጆሮዬን ስፒከሩ ጨርቅ ላይ ለጥፌ ሰምቻለሁ። ድምፅ ነበረው፤ ግን ከትንኝ ድምፅ አይበልጥም። አባባ ‹‹አዲስ ቤት ገብቶ ነው፣ ሲላመድ ይከፈታል›› አሉ። እኛም አመንን።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸውን ጠሩ። ሰባት ሰው መጣ፤ ወንበር ከጎረቤት ተዋስን። አባባ ከራቫታቸውን አጥብቀው ማብሪያውን ተጫኑ። መስታወቱ በራ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ ከዚያ በኋላ ግን ምንም የለም። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞሩት፤ አሁንም ምንም። አንዱ አሳለ። የመዝገብ ቤቱ ሹም ‹‹ለዓይን የሚሆን ሬዲዮ ነው እንዴ ያመጣህልን?›› ብለው ሲቀልዱ ሁሉም ሳቀ። አባባ ሳይስቁ ወደ እኛ ዞረው ማን እንደነካው ጠየቁ። እኔ አየኋት አልኩ። ከትምህርት ቤት መጥታ ፊቱ ቆማ እጇን ስትዘረጋ አየኋት አልኩ። አንቺም አልካድሽም፤ ‹‹አንዷን ብቻ ነው የነካሁት፣ ጠቅ አለች›› አልሽ።

የሆነውን አልደግመውም። ጥፊው አንድ ነበር፤ ስሙ ግን ማለቂያ አልነበረውም። ‹‹ሰባሪዋ››። አባባ ጀመሩት፣ ሰፈሩ ተቀበላቸው። ሰሃን ሲያመልጥሽ ሰባሪዋ፣ የጎረቤት በር ሲላቀቅ ሰባሪዋ፣ ምንም ሳይሆን ዝም ብለሽ በመንገድ ስታልፊም ሰባሪዋ። እኔም ብዬሻለሁ። በሃያ ሁለት ዓመትሽ ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ ‹‹ሰባሪዋ ሄዳለች፣ ከእንግዲህ ዕቃችሁ ደህና ይሆናል›› ብለሽ ወጣሽ። እናታችን እስከ መንገድ ሸኘችሽ፤ አባባ ከወንበራቸው አልተነሱም። እንግዲህ ይህ ሳጥን ለምን እንዳልተናገረ ማወቅ ለእኔ የሬዲዮ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይገባሻል።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ የታችኛውን ሳጥን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ሄድኩ። ሱቁ በቁልፍ ቀራጩና በፀጉር አስተካካዩ መካከል ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚነጋገረው። ሰው ሁሉ ‹‹ቀስ በል›› ይለዋል። ለደንበኛ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይኸው ስለሆነ ነው። እኔን ደግሞ ‹‹ፕሮፌሰር›› ይለኛል፤ ለአክብሮት አይደለም። ሳጥኑን ገለበጠው፣ ጀርባውን አየ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና ሳቀ። ሥራ ላይ የሚስቅ ሰው እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ምን እንዳሳቀው ጠየቅሁት።

‹‹ፕሮፌሰር፣ መሪውን ብቻ ነቅለህ አምጥተህ መኪናው አልነሳ አለኝ ትለኛለህ? ሞተሩ የታለ?››

ከዚያ ለልጅ እንደሚያስረዱ አስረዳኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲሟላ ሦስት ሳጥን ነው። አንደኛው፣ ቱነሩ፣ ድምፁን ከአየር ላይ ይለቅማል። ሁለተኛው ፕሪአምፕሊፋየር ይባላል፤ የትኛውን ምንጭ እንደምትሰሚ ይመርጥልሻል፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ያስተካክልልሻል፣ ግን ከእሱ የሚወጣው ድምፅ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ክሩን ገመድ አድርጎ ስፒከሩን የሚገፋው ሦስተኛው ሳጥን ነው፤ ዋናው አምፕሊፋየር። አባባ የተሸጠላቸው ሁለቱ ብቻ ነው። መሐንዲሱ ሦስተኛውን ለሌላ ሰው ሸጦት ይሁን ይዞት ሄዶ ይሁን እግዜር ይወቅ። ያቺ የትንኝ ድምፅ ያልተገፋው ክር መሆኗ ነው። በሰባት ሰው ጫጫታ መካከል ማን ሊሰማት ይችል ነበር? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው፤ ብስክሌቱ ሄደ፣ ወተቱም አልታየ።

ይህን ስሰማ መቆጣት ጀመርኩ። መሐንዲሱን ሰደብኩ፣ አባባን ሰደብኩ፣ ራሴንም አልማርኩም። ጠጋኙ እስክጨርስ ጠብቆ ሶኬት ላይ ሰክቼው እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ ስለው እሱም በተራው ተቆጣኝ። አርባ ዓመት የተኛ ዕቃ በቀጥታ ኤሌክትሪክ ላይ አይሰካም አለኝ፤ ከረጅም እንቅልፍ የተነሳ ሰው ወዲያው ተነስቶ ይሮጣል ወይ? አንድ የመቶ ሻማ አምፖል በመስመሩ መሃል አስገብቶ አሳየኝ። ውስጡ የተነካካ ነገር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፤ ዕቃው ጤነኛ ከሆነ አንዴ ብልጭ ይልና ይደበዝዛል። ብልጭ አለና ደበዘዘ። እንዴት ያለ ቀላልና ብልህ መመርመሪያ ነው! በመሥሪያ ቤታችን ካሉት መሣሪያዎች ግማሾቹ ይህን ያህል ሐቀኞች አይደሉም። ማዞሪያዎቹ ውስጥ ማጽጃ ነፋላቸው፤ እኔን እያንዳንዱን ሃያ ሃያ ጊዜ ወዲያና ወዲህ እንዳዞር አዘዘኝ። እየቆጠርኩ አዞርኩ። ሃያ አንድ ያደረስኩት የለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሚያከራያቸው የድምፅ ማጉያ ዕቃዎች አንዱን፣ አሮጌ ግን ጉልበተኛ አምፕሊፋየር፣ በትከሻው ተሸክሞ ቤት መጣ። ባለቤቴ ጠረጴዛውን አነሳችልን። አባባ ክፍላቸው ውስጥ ጋደም ብለው ነበር። አዲስ ኬብል ከፕሪአምፕሊፋየሩ መውጫ ወደ አምፕሊፋየሩ መግቢያ ሰካን፤ ቀዩን ለቀኝ፣ ነጩን ለግራ። የስፒከሮቹንም ሽቦ አዲስ ልጠን በብሎኑ አሰርን። ከመክፈታችን በፊት እጄን ያዘኝና ሕጉን አስደገመኝ። ሲከፈት ቱነሩና ፕሪአምፕሊፋየሩ ይቀድማሉ፣ አምፕሊፋየሩ መጨረሻ ነው። ሲዘጋ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ይቀድማል። አለዚያ ስፒከሩ በጥፊ እንደተመታ ሰው ዘሎ ይደነግጣል፣ አንድ ቀንም ይቀደዳል። ድምፁም ዝቅ ብሎ ይጀመራል። ጻፍኩት።

ከፈትን። ከስፒከሮቹ ‹‹ሽሽሽ›› የምትል ትንፋሽ ወጣች፤ ሌላ ምንም የለም። መርፌዋ ቆማለች፣ ጣቢያው ተይዟል፣ ሦስተኛው ሳጥን አለ፤ ድምፅ ግን የለም። እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እንግዲያው እውነትም ሰብራው ኖሯል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ይህንን ላንቺ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን አሰብኩት። ጠጋኙን አየሁት። ክንዱን አጣጥፎ ግድግዳውን ተደግፏል። ያወቀው ነገር እንዳለ ከፊቱ ታየኝ። ‹‹ተምሬአለሁ ትል የለ? ፈልገው›› አለኝ።

ደብተሬን ከፍቼ ከግራ ወደ ቀኝ ሄድኩ። መምረጫው ቱነር ላይ ነው፤ ልክ። የግራና የቀኙን ድምፅ የሚያመዛዝነው ባላንስ መሃል ነው፤ ልክ። ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚያስተካክሉት ባስና ትሬብልም መሃል ናቸው። ከእነሱ በታች አራት ትንንሽ አዝራሮች አሉ። ሦስቱ እኩል ወጥተዋል፤ አራተኛዋ ግን ከጓደኞቿ የእህል ፍሬ ያህል ወደ ውስጥ ገብታለች። በላይዋ ቴፕ የሚል ተጽፎባታል። ይህች አዝራር ከገባች ሳጥኑ ቱነሩን ትቶ የቴፕ ክር ማጫወቻ ያዳምጣል ማለት ነው። ቴፕ ደግሞ በሕይወታችን ገጥመንለት አናውቅም። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌለ ነገር ሲያዳምጥ ኖሯል። ተጫንኳት። ጠቅ አለችና ወጣች፤ ወዲያውም አንዲት ሴት በቤታችን መሃል ቆማ ድንች እንዳይበሰብስ እንዴት እንደሚከማች ማስረዳት ጀመረች።

ስለዚህ ትክክሉ ይህ ነው፤ እኔ ግማሽ እውነት አልወድምና ሙሉውን ልስጥሽ። አዝራሯን ተጭነሻል። ያኔም ተጫንኩ ብለሽ ነበር፣ አልዋሸሽም። ግን መብራት ያጠፋ ሰው አምፖል ሰባሪ አይባልም። መልሶ መጫን ብቻ ይበቃ ነበር። ባትጫኛትም ኖሮ እነዚያ ሰባት ሰዎች አንዳች ነገር አይሰሙም ነበር፤ ሬዲዮው ገና ከጅምሩ አካሉ ጎድሎ ነው እቤታችን የገባው።

ሴትዮዋ ስለ ድንች ስትናገር አባባ በከዘራቸው ተደግፈው ብቅ አሉ። በሩ ላይ ቆሙ። ፊታቸው ላይ ደስታ ጠበቅሁ፣ ወይም መገረም። አንዱም አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ አባባ፣ ይሄ ዕቃ አልተሰበረም ነበር እኮ፣ ጎዶሎ ነበር፣ እሷ ምንም አላደረገችም አልኳቸው።

‹‹አውቃለሁ›› አሉኝ።

ጠጋኙ ዕቃውን ለቃቅሞ፣ አምፕሊፋየሩን ሌላ ቀን እወስደዋለሁ ብሎ ወጣ። ሰው ያውቃል። አባባ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነገሩን። እንግዶቹ ከመጡ ከስምንት ወር በኋላ ሳጥኑን ለመሥሪያ ቤታቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳይተውት ነበር። እሱም ልክ ጠጋኙ ለእኔ እንደነገረኝ ነገራቸው። በዚያን ጊዜ ብስክሌቱ ሄዷል፤ በእግራቸው እየተመላለሱ ነው የሚሠሩት፤ ባልደረቦቻቸውም ታሪኩን ‹‹ልጁ የሰበረችበት›› ብለው ተቀብለውታል። ተታለልኩ ከሚሉ ልጄ ሰበረችው ቢባል ቀለላቸው። አንድ ቀን እነግራታለሁ ሲሉ ስሙ ሥር ሰደደ፤ ስታድግ እነግራታለሁ ሲሉ አደግሽ፤ ስትመጣ እነግራታለሁ ሲሉ ደግሞ አልመጣሽም።

የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፍልሽም። በሰማንያ አራት ዓመት አባት ላይ የማይነገር ነገር ተናገርኩ። ድምፄ ከሬዲዮው በለጠ። አርባ ሁለት ዓመት፣ አርባ ሁለት ዓመት እያልኩ እጮህ ነበር። ባለቤቴ መጥታ እጄን ብትይዘኝም አልተውኩም።  ስጨርስ አባባ ቀና ብለው አዩኝና ‹‹አንተስ? በመጀመሪያው ምሽት ጆሮህን ለጥፈህ ስትሰማ አልነበርክም?›› አሉኝ።

እህቴ፣ ልክ ናቸው። ድምፁ ከመጀመሪያውም የትንኝ ያህል እንደነበር ከአባባ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን በእንግዶቹ ፊት ‹‹አየኋት›› ማለቱን ቻልኩ፤ ‹‹ትላንትም እኮ እምብዛም አይሰማም ነበር›› ማለቱ ግን ምን ያስቸግር ነበር? አባባን በሰው ፊት ማሳፈር ፈራሁ፤ አንቺን ማሳፈር ግን አልፈራሁም። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ጠብቄ ያስቀረሁትም እውነት ነበር። እኔ ነጋዴን የምከስሰው እኮ ሚዛኑን ስለሰበረ አይደለም፤ ሳይሰብር ጥቂት ስለሚያጎድል ነው። ባለቤቴ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ስለ አባባ ‹‹አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ያደረጉት›› አለችኝ። ስለ እኔ አላለችም፤ ግን ሁለታችንንም እንዳለች ገብቶኛል። ለእሳቸው የምጠይቅልሽ ይቅርታ የለኝም፣ ውክልና አልሰጡኝም። የራሴን ግን እጠይቅሻለሁ። አጎደልኩብሽ። ይቅር በይኝ።

ሁለት ቀን አባባና እኔ አልተነጋገርንም። በአንድ ማዕድ ተቀምጠን ጨው በባለቤቴ በኩል ነበር የምንለዋወጠው። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ የመዝገብ ቤቱ ሹም አባባን ሊጠይቁ መጡ። ከእነዚያ ሰባት እንግዶች በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ገብተው ሳይቀመጡ ሬዲዮው ሲያወራ ሰሙና ‹‹ያ ሰባሪዋ የሰበረችው ዕቃ አይደለም እንዴ? ማን አዳነው?›› ብለው ሳቁ። እኔ መልስ ልሰጥ ተነሳሁ። አባባ በከዘራቸው ወለሉን መታ አድርገው አስቀመጡኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እሳቸው በማይታወቁበት ትንሽ ድምፅ፣ ‹‹ልጄ አልሰበረችውም። ጎዶሎ ዕቃ ገዝቼ፣ አፍሬ፣ በእሷ አላከክሁት። ሁለተኛ በቤቴ እንደዚያ ብለህ እንዳትጠራት›› አሉና ስምሽን ጠሩ። ያወጡልሽን ስም፣ ሙሉውን። ከአፋቸው ከሰማሁት ስንት ዘመን እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም።

የመዝገብ ቤቱ ሹም ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ እሳቸውም ያን ቀን ጠርጥረው እንደነበር ተናገሩ፤ አባባ ማዞሪያውን ሲያዞሩ ከግንባራቸው ላብ ሲወርድ አይተው ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹‹እንግዳ ነበርኩ፣ ልጄ›› አሉኝ። ሰባት እንግዳ፣ አንድ ወንድም፣ አንድ አባት፤ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ። እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ በግቢው ሁለት ጊዜ ዞሬ ነው የተመለስኩት።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ዕቃው አሁን ይሠራል። ጠጋኙ አምፕሊፋየሩን መልሱ አላለንም፣ እኛም አላስታወስነውም። ከቤቱ ሰው ሁሉ የአከፋፈቱን ሕግ ጠብቀው የሚከፍቱት አባባ ናቸው። ከቱነሩ ይጀምራሉ፣ አምፕሊፋየሩን መጨረሻ፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርጉም ወንበራቸውን ወደ ስፒከሩ ጠጋ አድርገው ይቀመጣሉ። ምን እንደሚያዳምጡ አላውቅም። አንዳንዴ በሁለት ጣቢያ መካከል ሹክሹክታው ላይ ትተውት አገኘዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፣ ግን ለማወቅ እጅግ እፈልጋለሁ።

እንግዲህ ሰላምታዬን ላድርስ። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ በመኪናው ጎማ ነገር የጻፈልኝን አንብቤአለሁ፣ አልተስማማሁም፣ ለብቻው እመልስለታለሁ። ትልቋ ልጅሽን አጎትሽ ፈተናው ባይሳካም ፈተናውን ያወጣው ሰው ይመርመር ይላል በያት። ትንሿን ሳምያት። ባለቤቴ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች፤ የላክሽላትን ሹራብ ለብሳ ነው ይህን ያስጨረሰችኝ። የመዝገብ ቤቱ ሹምም ሰላምታ ልከውልሻል፤ በስምሽ ነው የላኩት።

አባባ ሰላም በልልኝ አላሉኝም። በእኔ በኩል ሊልኩ አልፈለጉም። ከትላንት ወዲያ ወረቀት ጠየቁኝ፣ መነጽራቸውን አስወለወሉኝ፣ በርም ዘጉ። ለአንድ ገጽ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። የታጠፈው ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ፊደላቸውን ላርምላቸው እጄ በልቶኝ ነበር፤ ግን አላነበብኩትም፣ ምን እንደሚልም አላውቅም። ማንበቡም አለማንበቡም የአንቺ ፈንታ ነው፤ የትኛውንም ብታደርጊ በዚህ ቤት ቅር የሚለው ሰው የለም። እሳቸው ግን ፖስተኛው በሚያልፍበት ሰዓት መስኮቱ አጠገብ መቀመጥ ጀምረዋል፤ ደብዳቤው ገና ከቤት እንዳልወጣ ብነግራቸውም አልሰሙኝም።

ታላቅ ወንድምሽ

ከቤት፣ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ
እሑድ ጥቅምት 22 ቀን ከሰዓት በኋላ